ይቺ ተርብ ስም አላት?

ከመስቀል ወዲህ ስለ ተርብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በዝተዋል። ዝናቡ አባርቷል፣ ጭቃው ግን ገና እርጥብ ነው። አበባው ሞልቷል። ሸረሪቱም ትሉም ሰብቷል። የተርቦች የሥራ ወቅት ነው። ከደብዳቤዎቹ ሦስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከቢሾፍቱ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን አንዲት ተርብ በመኝታ ቤቴ መስኮት ላይ ጭቃ ስትለጥፍ ሰነበተች። ሰውነቷ ጥቁር ነው። ወገቧ እንደ ክር የቀጠነና ቢጫ ነው። እግሮቿም ቢጫ አለባቸው። አንዱን የጭቃ ክፍል በቢላ ጫፍ ብከፍተው 14 ሸረሪት ቆጠርኩ። የሞቱ መስለውኝ ነበር፤ አንዷ እግሯን ስታንቀሳቅስ ደነገጥኩ። ጎረቤቴ «አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል፣ በስምህ ይጠራልሃል» አለኝ። እውነት ይሆን? አዲስ መሆኑስ በምን ይታወቃል? ባለቤቴ ደግሞ «ገድለህ እንዳትልክ» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

መልስ፦

ጋሼ፣ ሸረሪቶቹን አንድ በአንድ መቁጠርዎ በጣም ደስ አሰኘኝ። ብዙ ሰው ጭቃውን በመጥረጊያ እንጨት ገፍቶ ይጥለዋል እንጂ ውስጡን አያይም።

መልሱን ሳላዘገይ ልንገርዎ። ተርብዎ አዲስ ዝርያ አይደለችም ብዬ አምናለሁ። በጻፉልኝ መልክ «ሴሊፍሮን ስፒሪፌክስ» የምትባለውን ትመስለኛለች። በአፍሪካና በደቡብ አውሮፓ የምትኖር የጭቃ ተርብ ናት። ስም ያወጣላት ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው። ዓመቱ 1758 ነበር። ሊኒየስ በዚያ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ለሺዎች እንስሳት ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጠ። ዛሬም የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ስም አይቆጠርም። እንግዲህ መስኮትዎ ላይ ጭቃ የምትለጥፈው ተርብ ከመጀመሪያዎቹ ተሰያሚዎች አንዷ ናት ማለት ነው። በጎንደር ዐፄ ኢዮአስ በነገሡበት፣ እቴጌ ምንትዋብ በሕይወት በነበሩበት ዘመን ስም ወጥቶላታል።

«አምናለሁ» ማለቴ በዓይኔ ስላላየኋት ነው። በዓለም ላይ ወደ 35 የሚጠጉ የቅርብ ዘመዶች አሏት፤ ወገቡ ቢጫ የሆነም ሌላ አለ። ስለዚህ ከጎኗ ፎቶ ያንሱልኝ። ደረቷ ንጹሕ ጥቁር ነው ወይስ ቢጫ ነጥብ አለበት? ቢጫው ወገቧን ሙሉውን ይዟል ወይስ ከፊሉን? ይህ ሲታወቅ ልቤ ያርፋል።

ስለ ሸረሪቶቹ። አልሞቱም፣ ሽባ ሆነዋል። ተርቧ ትነድፋቸዋለች፤ መርዙ ያደነዝዛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። የሞተ ሸረሪት በሁለት በሦስት ቀን ይበሰብሳል። የደነዘዘው ግን ሳይበላሽ ይቆያል። ከመካከላቸው በአንዱ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ክፍሉን በጭቃ ትደፍነዋለች፣ ትሄዳለች። እጩ ሲፈለፈል ስንቁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እናቱን አያያትም።

ብቸኛ ተርብ የምንላት እንዲህ ያለችውን ነው። ንግሥት የላትም፣ ሠራተኛ የላትም፣ መንጋ የላትም። እያንዳንዷ ሴት የራሷን ጎጆ ትሠራለች፣ የራሷን ስንቅ ታድናለች። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወረቀት የመሰለ ቤት ሠርተው በጋራ የሚኖሩት፣ ሲነኩ የሚያባርሩት ሌሎች ናቸው። የጭቃዋ ተርብ ጎጆዋን ልይ ብለው አጠገቧ ቢቆሙ አትነድፍዎትም። ይህን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። አዲስ መሆኑ በምን ይታወቃል?

እኔ ደሴ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። በኋላ ውጭ አገር ወጥቼ በአንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ነፍሳትን በመርፌ መሰካት፣ ክንፋቸውን መዘርጋት፣ መለያ ወረቀታቸውን መጻፍ ነበር። የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ «አዲስ» ማለት እኔ አይቼው የማላውቀው ማለት አይደለም። ከዚህ በፊት ማንም ስም ያላወጣለት ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው የማጣራት ሥራ ነው። «ይቺ አይደለችም፣ ያቺም አይደለችም» እያሉ ስም ካላቸው ሁሉ ጋር ማስተያየት ነው። አንዳንዴ ለአንዲት ተርብ ዓመታት ይፈጃል።

መጀመሪያ የምናየው ጾታዋን ነው። በአጉሊ መነጽር የአንቴናዋን ቁርጥራጮች ይቆጥራሉ። 12 ከሆኑ ሴት ናት፣ 13 ከሆኑ ወንድ ነው። መንደፊያ ያላት ሴቷ ብቻ ናት፤ መንደፊያው በጥንቱ እንቁላል መጣያ የነበረው አካል ነውና። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በብዙ ተርቦች ወንዱና ሴቷ በመልክ አይገናኙም። ድሮ ወንዱን አንድ ዝርያ፣ ሴቷን ሌላ ዝርያ ብለው ሁለት ስም የሰጡ ሊቃውንት ነበሩ። አንዱን ስም መሰረዝ የኋለኞቹ ዕዳ ሆነ።

ቀጥሎ ክንፏ ነው። በክንፉ ላይ ያሉት ሥሮች እየተጋጠሙ እንደ መስኮት መስታወት ያሉ ክፍሎችን ይሠራሉ። የክፍሎቹ ቁጥርና ቅርጽ ከየትኛው ቤተሰብና ወገን እንደሆነች ይነግረናል። ከዚያ ከአፏ በላይ ያለውን የፊት ሰሌዳ እናያለን፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጥርስ አለው? መንጋጋዋ ስንት ጥርስ አለው? ደረቷ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ተጠጋግተዋል ወይስ ተራርቀዋል? በመካከላቸው ያለው ቆዳ ያብረቀርቃል ወይስ ደብዛዛ ነው? በወንዱ ደግሞ የመራቢያ አካሉን አውጥተን እናያለን፤ ብዙ ጊዜ ወሳኙ እሱ ነው። ቀለም መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንዱ ዝርያ በደጋ ጥቁር፣ በቆላ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት የማይዛመዱ ተርቦች ደግሞ አንድ ዓይነት ቢጫ ሊለብሱ ይችላሉ። ቀለምን ብቻ አይቶ «አዲስ ነው» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ መለያ ቁልፉ እንሄዳለን። ቁልፍ ማለት «እንዲህ ከሆነ ወደ 2 ሂድ፣ እንዲያ ከሆነ ወደ 5 ሂድ» እያለ የሚመራ የጥያቄ ሰንሰለት ነው። ተርቧ ከቁልፉ የትኛውም በር የማትገባ ከሆነ ልብ መምታት ይጀምራል። ግን ገና ነው። ቁልፉ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። በሳንፍራንሲስኮ ባለው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ዎይቼክ ፑላውስኪ የተባሉ ሊቅ ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት ዝርዝር አለ። የእነዚህን ተርቦች ስሞች፣ ማን መቼ እንዳወጣቸው፣ የት እንደተገኙ በነጻ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ ዝርዝር ተነስቶ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች መፈለግ ነው። በላቲን፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ ተጽፈዋል። አንዳንዱ ገለጻ ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ጥቁር፣ እግሯ ቀይ፣ አፍሪካ።» በዚህ ማንን ከማን ትለያለህ?

መፍትሔው ዋሱን ማየት ነው። አዲስ ዝርያ ሲሰየም አንዲት ናሙና ተመርጣ ለስሙ ዋስ ትሆናለች። «ሆሎታይፕ» ይሏታል። ስሙ የታሰረው ከእሷ ጋር ነው። በብዙ ሙዚየሞች ቀይ ወረቀት ከመርፌዋ ላይ ይሰካላታል። ጽሑፉ ቢያሻማ፣ ሊቃውንቱ ቢጨቃጨቁ፣ እሷን ከሣጥን አውጥቶ ማየት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተሰካች ተርብን በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንድ እግሯ ቢሰበር ለዓለም ሁሉ ነው የሚጎድለው።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በድሮ ዝርዝሮች ውስጥ «ኢትዮጵያዊ ክፍል» የሚል ቃል ሲያዩ አይደሰቱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንስሳትን ስርጭት ያጠኑ እንግሊዛውያን ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ በዚህ ስም ጠሩት። ተርቧ ከናይጄሪያ ወይም ከሞዛምቢክ ልትሆን ትችላለች። ተማሪዎቼ በዚህ ተታለዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ተታልያለሁ።

አዲስ ዝርያ ሁሉ ከጫካ ይመጣል ብለውም አያስቡ። ብዙዎቹ ቀድሞ ተሰብስበው በመሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። በ1930 ከኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት የመጣች አንዲት ትልቅ ጥቁር ተርብ በበርሊኑ የተፈጥሮ ሙዚየም ማንም ሳይመረምራት ሰማንያ ዓመት ተቀመጠች። የሙዚየሙ ሊቅ ሚካኤል ኦል መሳቢያ ሲፈትሽ አገኛት። በዚያው ሰሞን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሊን ኪምሲ ሱላዌሲ ሄዳ ያችኑ ተርብ ከዱር ያዘች። ሁለቱ ሥራቸውን አንድ ላይ አድርገው በ2012 «ሜጋላራ ጋሩዳ» ብለው ሰየሟት። ጋሩዳ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ምልክት የሆነው ወፍ ነው። የወንዱ መንጋጋ ከፊት እግሩ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ጉድ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ከሰው አጠገብ ተሰክቶ ነበር። የፓሪስ ሙዚየም ተመራማሪዎች በዚያው በ2012 ባወጡት ጥናት አንድ ናሙና ከተሰበሰበበት ቀን አንሥቶ አዲስ ዝርያ ተብሎ እስኪሰየም በአማካይ 21 ዓመት እንደሚፈጅ አሳይተዋል።

ሃያ አንድ ዓመት ሲያልፍ የሰበሰበው ሰው ወይ ረስቷል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ አልፏል። የሚቀረው ከመርፌው ሥር ያለችው ጥፍር የምታክል ወረቀት ብቻ ናት። ስለዚህች ወረቀት ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ያስለቀሰችኝ እሷ ናትና።

በ1989 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ከተማሪዎቼ ጋር ከደሴ በላይ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ተርቦች ሰበሰብን። ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር፣ ከጉንዳን ብዙ የማትበልጥ ተርብ ነበረች። አሸዋ ውስጥ ስትቆፍር ነው ያገኘናት። በወረቀቱ ላይ «ሐይቅ፣ 12/2/89» ብዬ ጻፍኩ። ሣጥኑን ለአንድ እንግዳ ተመራማሪ ሰጠሁት። ከዓመታት በኋላ በታተመ ዝርዝር ውስጥ ተርቦቼን አገኘኋቸው። ቦታው «አንድ ሐይቅ» ተብሏል፤ የከተማውን ስም እንደ ተራ ቃል ተርጉመውታል። ቀኑ ደግሞ የካቲት ላይ፣ 1989 ሆኗል፤ እኔ የጻፍኩት ግን ጥቅምት 12 ነበር፣ በእነሱ ኦክቶበር 22 ቀን 1996። ሰባት ዓመት ተሳስቷል። ከዝናብ በኋላ የምትበር ተርብ የበጋ ተርብ ተደርጋ ተመዘገበች። አሸዋ ስትቆፍር ማየታችንንም አልጻፍኩም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያቺ ትንሽ ተርብ ከየትኛውም ቁልፍ አልገባችም ነበር። ግን ከየት፣ መቼ እንደተያዘች የማይታወቅ አንዲት ናሙና ይዞ ማንም አዲስ ዝርያ አይሰይምም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ተርብዎ ስም ቢኖራትም ባይኖራትም እንዲህ ይጻፉ። ኢትዮጵያ፣ ቢሾፍቱ፣ በቀድሞ ስሟ ደብረ ዘይት። ከተሞቻችን ስማቸው ይቀያየራል፤ አዳማ ብሎ የጻፈና ናዝሬት ብሎ የጻፈ ሰው ስለ አንድ ቦታ እንደሚያወሩ ባዕድ አያውቅም። ስልክዎ የሚሰጥዎትን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ይጨምሩ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ የፈረንጁን ወር በቁጥር ሳይሆን በፊደል። ለምሳሌ «ጥቅምት 5/2017 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2024»። ከዚያ ስታደርግ ያዩትን፦ መስኮት ላይ፣ ጭቃ፣ በአንድ ክፍል 14 ሸረሪት። ሸረሪቶቹንም በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ ቢያስቀምጧቸው ትልቅ ነገር ነው። ብቸኛ ተርቦች በምግብ ይመርጣሉ። አንዷ ሸረሪት ብቻ፣ ሌላዋ አባጨጓሬ ብቻ፣ ሌላዋ ንብ ብቻ፣ ሌላዋ በረሮ ብቻ ታድናለች። ስንቋ መታወቂያዋ ነው።

ስለ መግደል ባለቤትዎ የተናገሩትን አከብራለሁ። እኔም ተርብን ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ ማታ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ዝርያው አዲስ ነው ብለን ለዓለም ስንናገር ዋስ የምትሆን ናሙና ያስፈልገናል፤ በፎቶ ብቻ የሚሰየም ዝርያ ብዙ ክርክር ያስነሳል። የዘር ቅንጣቷን ለመመርመር ግን አንድ እግር ይበቃል። ለእርስዎ ተርብ ይህም አያስፈልግም። ፎቶ ይበቃናል። ጭቃው ላይ ያልተከፈቱ ክፍሎች ካሉ አይንኳቸው። እንደ አየሩ ሙቀት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ልጆቹ ክብ ቀዳዳ በስተው ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ ባዶውን ጭቃ በእርጋታ አንሥተው ማስቀመጥ ይችላሉ።

ለማሳየት ከፈለጉ ቅርብዎ አዲስ አበባ ነው። አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ናሙና በፖስታ ወደ ውጭ አገር እንዳይልኩ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. የአገራችንን የዘር ሀብት ለምርምር ወደ ውጭ ማውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። አንዳንድ ሰው «ለአንዲት ዝንብ ይህ ሁሉ?» ይላል። እኔ ግን አዋጁን እደግፋለሁ። በእኛ አፈር የተያዙ ስንት ዋሶች ባሕር ማዶ ባሉ መሳቢያዎች እንዳሉ አይቻለሁ። የእኛ ልጅ እነሱን ለማየት ቪዛ መለመን አለበት።

ጥያቄ፦

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። መጽሐፍ መደርደሪያዬን ሳጸዳ ከመጻሕፍቱ ጀርባ እንደ ትንንሽ እንስራ ያሉ የጭቃ ነገሮች አገኘሁ። ውስጣቸው ሸረሪት ነበር። ጀርመናዊት ጎረቤቴ «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ አላየሁም፣ አዲስ ነገር ነው» አለችኝ። ልፍራ እንዴ?

መልስ፦

አትፍሪ እህቴ። ጎረቤትሽም አልተሳሳተችም። ለጀርመን አዲስ ናት፣ ለሳይንስ ግን አይደለችም። በመጽሐፍ፣ በመጋረጃና በልብስ መካከል ነጠላ ነጠላ እንስራ የምትሠራው «ሴሊፍሮን ኩርቫቱም» ትመስለኛለች፤ የቢሾፍቱዋ ተርብ የእስያ ዘመድ። ስሟን በ1870 አግኝታለች። በአውሮፓ መጀመሪያ የታየችው በ1979 ኦስትሪያ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍታለች። ሰው ቤት ገብታ መሥራት ትወዳለች፤ አትተናኮልም። ፎቶ አንሥተሽ ከተማሽ ላለው የተፈጥሮ ሙዚየም ብትልኪ ስርጭቷን ለሚከታተሉት ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦

ቲቸር፣ እኔ ደብረ ማርቆስ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አዲስ ተርብ ባገኝ በአያቴ ስም መሰየም እችላለሁ? ሁለተኛ፣ ማይክሮስኮፕ የለንም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦

በአያትህ ስም መሰየም ትችላለህ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ያሳደጉ አያት ይገባቸዋል።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው የወገኑ ስም ነው፤ ተርቧ የታወቀ ወገን ውስጥ ከገባች እሱን አንተ አትመርጠውም። ሁለተኛው የዝርያው ነው፤ እሱን ሰያሚው ይመርጣል። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ ቃሉ ግን ከየትኛውም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል። በሴት ስም ሲሆን መጨረሻው ላይ «ኤ» እና «ኢ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጨመራሉ። በወንድ ሲሆን «አይ» ብቻ። በቦታ ከሆነ ብዙ ጊዜ «ኤንሲስ» ይባላል። በራስ ስም መሰየም ግን በሙያው ዘንድ ነውር ነው።

ከእኛ አገር ቋንቋዎች የተወሰዱ ስሞች አሉ። ጭላዳ ዝንጀሮን ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1835 ሲሰይም «ጌላዳ» ያለው ከአገሬው መጠሪያ ወስዶ ነው። ከአፋር የተገኘው የጥንት ሰው ዘመድ በ1999 «ጋርሂ» ተብሏል፤ በአፋርኛ «ያልተጠበቀ፣ አስደናቂ» ማለት ነው። በአፋር ምድር ተገኝቶ በአፋር ቃል መጠራቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። በርሊን ደግሞ ሊቃውንቱ ከታይላንድ ለመጣች በረሮ አዳኝ ተርብ አራት ስም አቅርበው የሙዚየሙን ጎብኚዎች አስመረጡ። ሰዉ በአንድ የልጆች ተረት ውስጥ ነፍስ የሚመጥ ፍጡርን ስም መረጠ። በ2014 «አምፑሌክስ ዴሜንተር» ተብላ ታተመች።

ልብ በል፣ ስም በቃል አይጸድቅም። ገለጻው መታተም አለበት፤ «አዲስ ዝርያ» የሚል ቃል፣ ዋስ የሆነችው ናሙናና የተቀመጠችበት ቦታ በጽሑፉ መገለጽ አለባቸው። ጽሑፉ የሚወጣው በኤሌክትሮኒክ ብቻ ከሆነ «ዙባንክ» በሚባለው መዝገብ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ይህ ብቻህን የምትሠራው አይደለም። ከባለሙያ ጋር ነው።

ያለ ማይክሮስኮፕ ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከመቃ ጀምር። እውነቴን ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ዤጂያንግ ግዛት፣ ጉቲያንሻን በሚባል ጥብቅ ደን ሚካኤል ሽታብና ጓደኞቹ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ የታሰረ ሸምበቆ ሰቀሉ። ብቸኛ ተርቦች ባዶውን ሸምበቆ እንደ ቤት ያዩታል። ገብተው ጎጆ ሠሩ። ተመራማሪዎቹ ሸምበቆዎቹን ሰብስበው ሲሰነጥቋቸው በአንዳንዶቹ ላይ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። የመጨረሻው ክፍል፣ በር አጠገብ ያለው፣ በሞቱ ጉንዳኖች ተሞልቷል። ከውስጥ ልጅ አለ፣ በሩ ላይ የጉንዳን ሬሳ። ጎጆዎቹ ከሌሎች ተርቦች ጎጆ ያነሰ ጥገኛ ተባይ ነበረባቸው፤ የጉንዳኑ ሽታ ጠላትን ሳያባርር አልቀረም። ተርቦቹ አድገው ሲወጡ ተመረመሩ። ስም ያልነበራቸው ሆኑ። በ2014 «ዲውተራጄኒያ ኦሳሪየም» ተባለች፤ ኦሳሪየም በላቲን የዐፅም ቤት ነው። እዚህ ላይ የተርቧን ገመና ያወጣው ማይክሮስኮፕ አይደለም፣ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ነው።

አንተም እንዲህ አድርግ። ከወንዝ ዳር ደረቅ መቃ ቁረጥ፤ ርዝመቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንዱ ጫፍ በአንጓው የተደፈነ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። ውስጡ ከክብሪት እንጨት ውፍረት እስከ አውራ ጣት የሚደርስ የተለያየ ስፋት ይኑረው። ሃያ ሠላሳውን በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አጥብቀህ ደርድር። ዝናብ ከማይነካው የጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በኩል በሽቦ ስቀለው። ሽቦው ላይ ግሪስ ቀባ፤ ካልቀባህ ሕያው ጉንዳን ገብቶ ሁሉን ይጨርሰዋል። እያንዳንዱን መቃ ቁጥር ስጠው። በየጠዋቱ እየው። አፉ በጭቃ፣ በቅጠል ወይም በሙጫ ሲደፈን ቀኑን በደብተርህ ጻፍ። የተደፈነውን መቃ አውጥተህ አፉን በስስ ጨርቅ እሰረው፤ ማን እንደሚወጣ ታያለህ። አንዳንዴ ከተርቧ ይልቅ ልጇን የበላባት ጥገኛ ይወጣል፣ እሱንም መዝግብ።

የመጀመሪያው መቃ ሲደፈን ፎቶ ላክልኝ። መጠኑን እንዳውቅ የአንድ ብር ሳንቲም ከጎኑ አድርግ።